ስለ ተሳቢ ጎማ ብሎን መሰበርና ስለ አለዋወጡ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ትልቁ ነገር በትንሹ ነገር ተይዞ እንደሚቆም አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቤት በምሰሶ ይቆማል፤ እንጨቱን ከእንጨት ጋራ የሚያያይዘው ግን ሐረግ ነው። እንዲሁም ብዙ ኩንታል ቡና የተጫነበት ተሳቢ በጎማው ይሄዳል ቢባልም፣ ጎማውን ከተሳቢው ጋራ አንድ የሚያደርጉት ከጣት እምብዛም የማይበልጡ ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሲሰበር ምን እንደሚያስከትል፣ ስለ ምን እንደሚሰበር፣ እንዴትስ እንደሚለወጥ ማወቅ የባለ ንብረቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቁልቁለት ላይ የወለቀ ጎማ የሚመታው በመንገድ ዳር የሚያልፈውን ገበያተኛና ተማሪ ነውና፤ ነገሩ የአገሬው ሁሉ ጉዳይ ነው።

በካፋ ዞን በጨና ወረዳ ያለችው የዋጫ ከተማ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አገሩ ዝናም የሚበዛበት፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት ነው፤ አፈሩም ቀይና ተጣባቂ ነው። የአገሩ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ቀድሞ በበቅሎና በአጋሰስ ጀርባ ይጋዝ ነበረ፤ ዛሬ ግን በመኪናና በተሳቢ ይጋዛል። ለትምህርቱ መግቢያ እንዲሆን በዚህ አገር መንገድ ላይ ሊያጋጥም የሚችል አንድ ምሳሌ እነሆ።

በትራክተር የሚሳብ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቡና ተጭኖ ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሊነሣ ነው። በጆንያዎቹ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ረዳቱ ልጅ ከመነሣታቸው በፊት ዙሪያውን ሲመለከት በግራው ጎማ ካሉት 6 ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ ከነዳዶው ጠፍቶ አገኘው፤ ለሾፌሩም ነገረው። ሾፌሩ፣ «አምስቱ ይበቁታል፤ ቦንጋ ስንደርስ እናስለውጠዋለን» አለ። በአጠገቡ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ይህን ሰምተው፣

«ልጄ፣ በቅሎ ጭነህ ታውቃለህን?» አሉት።

«አዎን አባቴ፣ በልጅነቴ ጭኛለሁ» አለ።

«ከጭነቱ ገመድ አንዱ ቢበጠስ፣ የቀረው ይበቃል ብለህ ቁልቁለት ትወርድ ነበርን?»

«አልወርድም፤ ጭነቱ ይዞራል፤ በቅሎይቱም ትቆስላለች።»

«እንግዲያ ይህ ከበቅሎ በምን ይሻላል? በቅሎ እንኳ ሲከፋት ትቆማለች፤ ይህ ግን ካልቆረጠ አይነግርህም።»

ሾፌሩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያም ተሳፋሪዎቹን አወረደ፤ ሞተሩንም አጠፋ። ሽማግሌው መካኒክ አልነበሩም፤ ነገር ግን የጭነትን ሕግ ያውቁ ነበረ። ይህም ሕግ ለብሎንም ያው ነው።

1ኛ፤ ስለ ብሎኑ ሥራ

አስቀድሞ የክፍሎቹን ስም ማወቅ ይገባል። በተሳቢው ዘንግ ጫፍ ላይ በኩሽኔታ የሚዞር ክብ ብረት አለ፤ እርሱም ሞዞ ይባላል። ከሞዞው ፊት ዙሪያውን በእኩል ርቀት ብሎኖች ወጥተዋል። ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። የቸርኬው ቀዳዶች በብሎኖቹ ላይ ይገባሉ፤ ከዚያም በየብሎኑ ላይ ዳዶ ይጠብቃል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ቸርኬና ሞዞ የሚባሉት ቃሎች ከኢጣልያ ቋንቋ መጥተው በጋራዥ ሥራ የተለመዱ ናቸው።

ብዙ ሰዎች ብሎኑ ግድግዳ ላይ እንደ ተተከለ ችካል ሸክሙን በራሱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሸከም ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ እንደ ተወጠረ ጠፍርም ሆኖ ቸርኬውን ከሞዞው ጋራ ያጣብቃል። ሁለቱ ብረቶች ሲጣበቁ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል፤ ሸክሙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውም በተለይ ይህ ሰበቃ ነው። ስለዚህ የብሎኑ ዋና ሥራ ተወጥሮ ማጣበቅ ነው።

ዳዶው የላላ እንደ ሆነ ግን ሰበቃው ይጠፋል። ቸርኬው ጎማው በዞረ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ብሎኑንም ያጎብጠዋል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር መንገድ 500 ጊዜ ይዞራል፤ በ50 ኪሎ ሜትር 25,000 ጊዜ ይዞራል። የላላው ብሎን ይህን ያህል ጊዜ ጎበጥ ቀና ይላል ማለት ነው። መምህሩ ቀጭን ሽቦ ይዞ በተማሪዎቹ ፊት ደጋግሞ ያጉብጠው፤ አንድ ጊዜ ሲያጎብጡት ያልተሰበረው ሽቦ በመመላለስ ብዛት ሲሰበር ያያሉ።

ይህ የብረት ድካም ይባላል፤ በዓለምም ላይ በብዙ ጥፋት የታወቀ ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የመሪው ማሽን ዘንግ ተሰብሮ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ በጀርመን አገር አውጉስት ቬለር የተባለ የባቡር መሐንዲስ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘንጎችን እየፈተነ፣ አንድ ጊዜ ቢጫንበት ብረቱን የማይሰብር ሸክም ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰብረው አስረዳ። በዋጫ የተሰበረው ብሎንና በቬርሳይ መንገድ የተሰበረው ዘንግ በመጠን ይለያያሉ እንጂ ሕጋቸው አንድ ነው።

2ኛ፤ ስለ ምን እንደሚሰበር

የመሰበር ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው።

ፊተኛው የዳዶ መላላት ነው። በዝናም ጊዜ ጎማ ሲለወጥ ቀይ ጭቃ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ይገባል፤ ዳዶውም በጭቃው ላይ ሲጠብቅ ለእጅ የጠበቀ ይመስላል። ጭቃው ሲደርቅና ሲፈርስ ግን ክፍተት ይተዋል፤ ዳዶውም ማንም ሳይነካው ይላላል። ወፍራም ቀለምና ዝገትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ማጥበቅ ነው። በመፍቻ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ጉልበት መጫን ብሎኑን ከልኩ በላይ ይለጥጠዋል፤ እንደዚህ የተለጠጠ ብሎን ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ሦስተኛው ከልክ በላይ መጫን ነው፤ አራተኛውም ለቸርኬው የማይስማማ ዳዶ ማድረግ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ እንደ ጽዋ አፍ የሰፋ እንደ ሆነ ዳዶውም ሾጣጣ መሆን ይገባዋል፤ ሾጣጣው ወገንም ወደ ቸርኬው ይዞራል።

የተሰበረውን ብረት አፍ የተመለከተ ሰው ታሪኩን ሊያነብ ይችላል። አንዱ ወገን ለስላሳና የጠቆረ ሆኖ፣ የቀረው ወገን ሻካራና አዲስ የሆነ እንደ ሆነ፣ ብሎኑ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ሲሰነጠቅ ኖሮ በመጨረሻ መሰበሩን ያመለክታል። ይህን ያየ ሰው፣ «ዛሬ በድንገት ተሰበረ» ሊል አይገባውም፤ ስብራቱ የጀመረው ቀደም ብሎ ነውና። ከመሰበሩም አስቀድሞ ምልክት ይታያል፤ ከዳዶው ሥር የሚወርድ የዝገት መሥመር፣ ሞላላ የሆነ የቸርኬ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ የተፋተገና የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ሲሄድም የሚወላገድ ጎማ የመላላት ምልክቶች ናቸው።

3ኛ፤ ስንት ብሎን ይለወጣል? ምን ዓይነትስ?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ብሎኖችም ኃይላቸው በኅብረት ነው። ከ6 ብሎኖች አንዱ ሲሰበር የእርሱ ሥራ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ ይልቁንም በግራና በቀኝ ባሉት ጎረቤቶቹ ላይ ይከብዳል። እነዚያም ለዓይን ደኅና ቢመስሉ በውስጣቸው ተሰንጥቀው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በጥንቁቅ መካኒኮች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አንድ የተሰበረ እንደ ሆነ እርሱና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ይለወጣሉ፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የተሰበሩ እንደ ሆነ የዚያ ጎማ ብሎኖች ሁሉ ይለወጣሉ። ቀዳዳው የሞላለ ቸርኬም ከአገልግሎት ይወገዳል።

አዲሱ ብሎን ከአሮጌው ጋራ በአራት ነገር መተካከል አለበት፤ በውፍረቱ፣ በርዝመቱ፣ በጥርሱ ርቀት፣ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ በሚነክሰው ባለ መሥመር አንገቱም ውፍረት። ጥርሱ ጥቂት የተለየ እንደ ሆነ ዳዶው በግድ ቢገባም ጥርሱን ይበላዋል። ቀድሞ እያንዳንዱ ሠሪ በገዛ ልኩ ጥርስ ያወጣ ነበረ። በ1841 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የብሎን ጥርስ ሁሉ በታወቀ ልክ እንዲሆን አሳሰበ፤ ባንድ አገር የተሠራ ዳዶ ከሌላ ቦታ በመጣ ብሎን ላይ እንዲገባ መንገድ የከፈተውም እንዲህ ያለው ሥርዓት ነው።

አምስተኛው መተካከል የብረቱ ጥንካሬ ነው። በብዙ ብሎኖች ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። የፊተኛው ቁጥር በ100 ሲባዛ፣ ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚችለውን ጉተታ በኒውተን ይነግራል፤ ይኸውም ለ8.8 ወደ 800፣ ለ10.9 ወደ 1,000 ነው። የኋለኛው ቁጥር ከዚህ ኃይል ውስጥ ከአሥር ስንቱን እጅ እስኪደርስ ድረስ ብሎኑ ሳይበላሽ እንደሚለጠጥ ያመለክታል። 10.9 በነበረበት ቦታ ቁጥር የሌለውን ተራ ብሎን ማግባት በጠፍር ፈንታ በሣር እንደ ማሰር ነው።

የተሰበረውን ብሎን በብየዳ መቀጠል ፈጽሞ አይገባም። ብሎኑ ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ተግሎና በልክ ቀዝቅዞ ነው፤ የብየዳው እሳት ግን ያንን ያፈርሰዋል። በመንደር ከውራ አስቀጥቅጦ ማግባትም እንዲሁ አይገባም። ይህ የተባለው ባለ እጅን ለመናቅ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድቡትን ሰዎች በአዋጅ ገሥጸዋል፤ ማረሻውን፣ መጥረቢያውንና ማጭዱን ለአገሩ የሰጠ ቀጥቃጩ ነውና። ነገር ግን የብሎኑ ብረት ምን ያህል እንደሚችል በመሣሪያ ሳይፈተን በዓይን አይታወቅም፤ ብልህ ቀጥቃጭም ይህን ራሱ አስቀድሞ ይናገራል።

4ኛ፤ የአለዋወጡ ሥርዓት

ሀ) ተሳቢው በሜዳና በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ ከትራክተሩም አይፈታ። ፍሬን ይያዝ፤ በሌላው ጎማ ፊትና ኋላ ትልቅ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደረግ። ጭነቱ ይራገፍ ወይም ይቀነስ፤ ሰውም ይውረድ። በመንገድ ዳር የሆነ እንደ ሆነ ለሚመጣው ሾፌር ከሩቅ የሚታይ ምልክት ወይም ቅጠል ይደረግ። ሲጨርሱ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሣት አይረሳ፤ ለራስ የተደረገ መከላከያ ለሌላው መሰናከያ እንዳይሆን።

ለ) ጎማው መሬት ሳይለቅ ዳዶዎቹ ጥቂት ይላሉ። ከዚያም ክሪኩ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ ተደርጎለት ከዘንጉ ሥር ይግባ፤ ጎማውም ከመሬት ይነሣ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት አይገባም፤ ከዘንጉ ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይቁም።

ሐ) ዳዶዎቹ ተፈትተው ጎማው ይውጣ። ብሎኖቹ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጉና አንድ ባንድ ይታዩ።

መ) አሮጌው ብሎን ከኋላ እንዲወጣ በቂ ስፍራ ከሌለ ሞዞው ይወጣል። ይህ ሲሆን የኩሽኔታው ክፍሎች በንጹሕ ጨርቅ ላይ እንደ አወጣጣቸው ተራ ይቀመጡ፤ አፈር የነካው ኩሽኔታ ራሱን ይበላልና።

ሠ) አሮጌው ብሎን ከፊት ወደ ኋላ በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል። ሞዞው በወፍራም እንጨት ይደገፍ፤ መዶሻው ብሎኑን እንጂ ሞዞውን አይምታ፤ የሚመታውም ሰው ዓይኑን ይሸፍን። ይህ ሥርዓት ከኋላ ገብቶ በአንገቱ ለሚነክስ ብሎን ነው። በሞዞው ውስጥ በጥርስ ገብቶ የተሰበረ ብሎን ግን በመሰርሰሪያ ስለሚወጣ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ረ) አዲሱ ብሎን ከኋላ ይግባ። በጋራዥ መጫኛ መሣሪያ መግፋት ከሁሉ ይሻላል። መሣሪያው በሌለበት፣ በብሎኑ ላይ ወፍራም ሮንዴላዎች ደራርቦ በአሮጌ ዳዶ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። የብሎኑ ራስ ከሞዞው ጀርባ ጋራ ክፍተት ሳይተው እስኪገጥም ድረስ ይሳብ፤ ከዚያ አሮጌው ዳዶ ወጥቶ ይጣል። ቸርኬውን ጭኖ በጎማው ዳዶ መሳብ ግን ስሕተት ነው፤ ብሎኑ ሳይገጥም የገጠመ ይመስላል፤ በመንገድም ይላላል።

ሰ) ሞዞው ወጥቶ እንደ ሆነ በንጹሕ ግራሶ ተቀብቶ ይመለስ፤ የኩሽኔታው መቆለፊያ ሽቦም በአዲስ ይተካ። የሞዞውና የቸርኬው ፊት ከጭቃ፣ ከዝገትና ከግራሶ ይጽዳ፤ ከዚያ ጎማው ይግባ።

5ኛ፤ ስለ አጠባበቅና ስለ ድጋሚ ምርመራ

ዳዶዎቹ አስቀድመው በእጅ ይግቡ። ቀጥሎም በትይዩ ይጥበቁ፤ አንዱ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው ይጥበቅ እንጂ በተርታ አይዙር። በተርታ የተጠበቀ ቸርኬ ባንድ ወገን ያዘነብላል። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በመጨረሻው ልክ ይጠበቃል።

የማጥበቂያው ልክ በኒውተን ሜትር ይነገራል፤ ይኸውም የግፊቱ ኃይል በመፍቻው ርዝመት ተባዝቶ ነው። ልኩ እንደ ብሎኑ ውፍረትና እንደ ሠሪው ትእዛዝ ይለያያል። ለቀላል ተሳቢ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ለትላልቅ የጭነት መኪና ተሳቢዎች 600 ይደርሳል፤ ያልፋልም። የ1 ኪሎ ግራም ክብደት ወደ 10 ኒውተን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም 300 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ላይ ቢቆም ግን 900 ይሆናል። ቱቦ ብሎንን እንዴት እንደሚገድል ከዚህ ይታያል።

ልክ የሚናገር መፍቻ በሌለበት መንደር የቡና ነጋዴው የሚንጠለጠል ሚዛን ሊረዳ ይችላል። የሠሪው መጽሐፍ 150 ኒውተን ሜትር የሚል እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ ከዳዶው መካከል ግማሽ ሜትር በሚርቀው የመፍቻ ጫፍ ላይ ይታሠርና ከመፍቻው ጋራ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዞ 30 ኪሎ እስኪያመለክት ድረስ በዝግታ ይሳብ። 30 ኪሎ ወደ 300 ኒውተን ነው፤ በግማሽ ሜትር ሲባዛም 150 ይሆናል። በዚህ ጊዜ የብሎኑ ጥርስ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ሠሪው ካላዘዘ ዘይት አይቀባ፤ ዘይት ሰበቃን ስለሚቀንስ በዚያው ጉልበት ብሎኑን ከልኩ በላይ ይወጥረዋልና።

ሥራው በዚህ አልተፈጸመም። አዲስ የገባ ብሎንና አዲስ የገጠመ ቸርኬ በመንገድ ላይ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ዳዶውም ጥቂት ይላላል። ስለዚህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከመሄዱ በፊት ዳዶዎቹ ሁሉ እንደ ገና በልካቸው ይጠበቁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ብሎኑን በትጋት ለውጠው ድጋሚውን ስለሚተዉ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሰበራል።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ በዋጫ የቆመው ተሳቢ ሦስት ብሎኖች ተለውጠውለት ከቀትር በኋላ ተነሣ። የወረዱት ሰዎች ግን በጆንያዎቹ ላይ አልተመለሱም፤ ሽማግሌው፣ «የጭነት ተሳቢ ለእኽል ተሠራ እንጂ ለሰው አልተሠራም» ብለው ሌላ መኪና እንዲጠብቁ አደረጉ። ሾፌሩ ከቦንጋ መግቢያ ሳይደርስ በሜዳ ቦታ ላይ ቆሞ ዳዶዎቹን ፈተነ። አምስቱ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱ ግን ሩብ ዙር ያህል ተጠበቀ። ያን ቀን የገበያው ሰዓት አለፈበት፤ ቡናው በማግሥቱ ተሸጠ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

መምህሩ ለተማሪዎቹ የሚያቀርበው ጥያቄ

1. የጎማ ብሎን ዋና ሥራው ምንድር ነው? ከችካል በምን ይለያል?

2. ዙሪያው 2 ሜትር ከግማሽ የሆነ ጎማ በ60 ኪሎ ሜትር መንገድ ስንት ጊዜ ይዞራል?

3. ጭቃ በቸርኬና በሞዞ መካከል ቢገባ ዳዶው ስለ ምን ይላላል?

4. ልኩ 120 ኒውተን ሜትር የሆነን ዳዶ በግማሽ ሜትር መፍቻ ለማጥበቅ ሚዛኑ ስንት ኪሎ ማመልከት አለበት?

5. ከ6 ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ ብታገኙ ስንቱን ትለውጣላችሁ? ምክንያቱን ግለጹ።

6. ሰው የተጫነበት፣ ብሎኑም የጎደለ ተሳቢ በመንደራችሁ ሲያልፍ ብታዩ ለማን ትነግራላችሁ? ምንስ ትላላችሁ?